ከበሩ ማዶ የሚቀዳ መረቅ

የሱቅ ሾርባ እወዳለሁ ስል ሰው ይስቅብኛል። በተለይ የእናቴን እጅ የቀመሱ ሴቶች «አንቺ ደግሞ፣ የእናትሽ መረቅ እያለ!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የእናቴን መረቅ የሚያህል የለም። ነገር ግን በዕድሜዬ ከበላሁት ሁሉ አንዱን ምረጪ ብባል የምመርጠው አፉላ ከተማ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር ካለችው፣ እዚህ ማኮሌት ከምንላት ትንሽ ሱቅ የተገዛ የኩባያ ሾርባ ነው። ክዳኑን ልጠው የፈላ ውሃ የሚጨምሩበት፣ በልተው ሲጨርሱ ኩባያውን የሚጥሉት። ጨውና ቢጫ ቀለም እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ለምን እንደምመርጠው ግን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት በሁለት ሺዎቹ ዓመታት መካከል፣ ዝናብ ባልተወ አንድ ክረምት ነው። በኢንዱስትሪ ቀጠናው በአንድ ማሸጊያ ቤት እሠራ ነበር፤ ባለቤቴም እዚያው ሰፈር መጋዘን ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። እናቴና አባቴ ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ነው የሚኖሩት። ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደ አይሁድ አገር በአውሮፕላን ስንመጣ እኔ የእናቴን ቀሚስ ጨብጬ የምሄድ ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ የአገር ቤቱን የአራስ ሥርዓት በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ በዐይኔ አላየሁትም።

በአገር ቤት፣ በእኛ በአይሁዶቹ ዘንድ፣ የወለደች ሴት ከቤቷ ወጥታ የአራስ ጎጆ ትገባ ነበር። ወንድ ከወለደች አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ ቀን ትቀመጣለች። በጎጆው ዙሪያ ድንጋይ ይደረደራል፤ ምግብ ያመጣ ሰው ከድንጋዩ አያልፍም። ከራሱ ዕቃ ወደ አራሷ ዕቃ ከፍ አድርጎ ይገለብጥላታል፤ ዕቃና ዕቃ አይነካካም። በእናቴ መንደር ደግሞ አራሷን የነካች ሴት ሰባት ቀን ከቤቷ ትለያለች። ድስቷን አትነካም፣ ለባሏ አታበስልም። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ገላዋንና ልብሷን ታጥባ ትመለሳለች። እዚህ ከመጣን በኋላ ብዙዎቹ ሴቶች ይህን ተዉት። እናቴ አልተወችም።

ሆዴ የገፋ ጊዜ አንድ ቀን መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ፤ እንቢ እንዳትይኝ» አለችኝ።

ገባኝ። «እማዬ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጎጆ ከየት ላምጣልሽ?»

«ጎጆ ማን አለሽ። ክፍል አለሽ አይዶለም?»

ወገቤ እየተቆረጠ ክርክር ማን ይችላል፤ እሺ አልኳት። እውነቱን ለመናገር ሞኝነቴም አለበት። ሰማንያ ቀን ተኝቼ በእናቴ መረቅ ስቀለብ ነበር የታየኝ። በየቀኑ መረቅ አመጣልሻለሁ ብላኛለቻ!

ከቤቱ መጨረሻ ያለው፣ ከጎኑ ትንሽ መታጠቢያ ያለው ክፍል የእኔ ሆነ። ባለቤቴ ፍራሹን ወደ ሳሎን አወጣ። ወጥ ቤቱ የእሱ ነው፤ እኔ አልነካም። ለእኔ ለብቻዬ የውሃ ማፍያ፣ እዚህ ሁላችንም ኩምኩም የምንለውን፣ ገዛልኝ። አንድ ጎድጓዳ ሳህንና አንድ ማንኪያ ሰጠኝ። ተበልቶበት የሚጣል ሳህንና ኩባያም በካርቶን አመጣ። ሰዎች ሲጠይቁት «ድንበር ላይ ተመድቤያለሁ» እያለ ይስቃል። እንደሱ ያለ ሆደ ሰፊ ሰው ባይሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ሳምንት እናቱ ጋ ይሄድ ነበር።

ልጄ ሴት ሆነች። ሰማንያ ቀን።

እናቴ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ድስቷን በፎጣ ጠቅልላ ትመጣለች። ያን መረቅ እንዴት እንደምትሠራው አውቃለሁ፤ በልጅነቴ ስታበስል እግሯ ሥር እየተልከሰከስኩ ነው ያደግሁት። ዶሮውን በሎሚና በጨው እያሸች ውሃው እስኪጠራ ድረስ ታጥበዋለች። አብሹን ከዋዜማው ዘፍዝፋ መራራውን ውሃ ደጋግማ ትደፋለች። የተከካ ገብስ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት ትጨምርና ሥጋው ከአጥንቱ እስኪለቅ በቀስታ ታበስለዋለች። ስትጠጡት ከንፈራችሁ ይጣበቃል፣ ግንባራችሁ ያልባል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስዳችኋል። አብሽ ወተት ያወርዳል ትላለች።

መጥታ ግን አትገባም። የክፍሉ በር ላይ፣ የወለሉ ንጣፍ የሚጋጠምበት መስመር አለ፤ እሱ ላይ ስትደርስ ትቆማለች። እኔ ከውስጥ ሳህኔን ዝቅ አድርጌ እይዛለሁ፣ እሷ ከውጭ ድስቱን ከፍ አድርጋ ታዘነብላለች። መረቁ እየቀጠነ ይወርዳል፤ ግማሹ ሳህን ውስጥ፣ ግማሹ እግሬ ላይ። ከዚያ በድስቱ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ዐይኗን ገልጣለች? እስቲ አሳዪኝ» ትለኛለች። ልጄን አንሥቼ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደሚያሳይ ነጋዴ ወደ እሷ ዘርግቼ አሳያታለሁ። እናቴ እጇን ድስቱ ላይ እንዳደረገች ታያታለች።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቻልኩት፤ ሁለተኛውንም ቻልኩት። ከዚያ ሆድ ይብሰኝ ጀመር። ሌላ ነገር አልፈለግሁም፤ የፈለግሁት እናቴ ያችን መስመር አልፋ እንድትገባ ብቻ ነበር። አልጋዬ ላይ እንድትቀመጥ፣ ፀጉሬን እንድትነካኝ፣ ልጄን እንድታቅፍልኝ። የሃያ አራት ዓመት ሴት ነኝ፣ ሠርቼ የማድር፣ ግን ስትሄድ የውጭው በር ሲዘጋ እንደ ሕፃን አለቅስ ነበር።

ማልቀሱ ሲሰለቸኝ እልህ ያዘኝ። እልኸኛ መሆኔን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ከማን እንደወረስኩት ደግሞ አሁን ልታዩት ነው። አንድ ቀን መረቁን ቀድታልኝ ስትጨርስ ሳህኑን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩና፣ «ካልገባሽ አልጠጣም» አልኳት።

«አራስ እንዲህ አትልም።»

«አልኩ።»

«እንግዲህ ይቀዝቅዝልሽ» ብላኝ ሄደች።

በማግሥቱም መጣች፤ ቀዳችልኝ፤ አልጠጣሁም። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። መረቁን ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ፣ እናቴ ሳታውቅ፣ ይጨርሰዋል። አራሷ እኔ፣ እየወፈረ የሄደው እሱ።

እኔ ደግሞ ምን እበላለሁ? ባለቤቴን ልኬ የኩባያ ሾርባ በካርቶን አስመጣሁ። ኩምኩሙን መሰካት፣ ክዳኑን መላጥ፣ ውሃ መጨመር፣ ትንሽ መጠበቅ፣ አለቀ። ቀጫጭን ፓስታ፣ አረንጓዴ ብናኝ፣ የሽንኩርት ዱቄት ሽታ። ማማሰል ስለምረሳ መጨረሻው ላይ ጨዉ ተጠራቅሞ ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል። የእናቴ መረቅ መስኮቱ ሥር እየሸተተኝ ያንን ስጠጣ ራሴን ታዘብኩት። ግን በጄ አላልኩም። እናቴ ባዶውን ኩባያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አየችው። በሌላ ቀን በሩ ላይ ቆማ ሳለ፣ «ይኸስ አንድ ደግ ነገር አለው፤ ዕቃው አይመለስም» አለች። ለሥርዓቷ የሚመች ምግብ የሱቁ መሆኑ ሳይገርማት አልቀረም።

ልጄ ግን አልከበደችም። ከክፍሌ የምወጣው ለዚህ ብቻ ነበርና፣ ሕፃናት ወደሚመዘኑበት ክሊኒክ ስወስዳት ነርሷ ካርዷ ላይ ያለውን መስመር በጣቷ ተከተለችው፤ መስመሩ አልወጣ ብሏል። እስከሚመጣው እሑድ ካልጨመረች የቆርቆሮ ወተት እንጀምርላታለን አለችኝ። ደግ ሴት ናት፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ከተወለደችልኝ ወዲህ እኔን በእጇ የነካችኝ ሴት እሷ ብቻ እንደነበረች ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት።

የዚያን ቀን እናቴ ድስቷን ይዛ ስትመጣ ነርሷ ያለችውን ነገርኳት።

«መረቁን ጠጪ ብዬሻለሁ» አለችኝ።

«መረቅ አይደለም ያጣሁት፤ እናት ነው ያጣሁት። አንቺ እዚያ ቆመሽ ታዪኛለሽ።»

ድስቱን ፎጣው ላይ አስቀመጠችው። እናቴ ስትናደድ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «እዚህ የመጣን ጊዜ ረቢዎቹ አይሁድነታችሁን እንጠራጠራለን አሉን። አባትሽ እንዴት እንዳፈረ አላየሽም፤ ልጅ ነበርሽ። እኔ ግን አላፈርኩም። እናቴ ከድንጋዩ ማዶ ቆማ ነው ያበላችኝ፤ አንቺን ስወልድ እኔም ዝናብ እየመታኝ ጎጆ ውስጥ ነው የተኛሁ። ይኸን እየጠበቅን ነው የኖርነ። አሁን እሱን ከጣልኩት ምን ይዤ መጣሁ ልበል?»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሷም ድስቷን አንሥታ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ትኩሳት ያዘኝ። ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ ስነካው ዐይኔ ይጨልማል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። እናቴ ነጠላዋ እስኪንጠባጠብ ድረስ በስብሳ መጣች፤ ድስቱን ግን ደረቷ ላይ ለጥፋ ስለያዘችው ጠብታ አልነካውም። ፊቴን ስታይ መልኳ ተለወጠ።

«አፈር ስሆን፣ ዛሬን ብቻ ጠጪልኝ» አለችኝ።

አሳዘነችኝ። ልጄን አልጋው ላይ አስተኛሁና ሳህኔን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ሳህኑን ዝቅ አድርጌ ያዝኩላት፤ እሷም እንደ ልማዷ ድስቱን ከፍ አደረገችው። መረቁ መውረድ ሲጀምር ሳህኑ ዘመመብኝና የሚያቃጥለው መረቅ በክንዴ ላይ ፈሰሰ።

የጮህኩት «እማዬ» ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ድስቱ ወለሉ ላይ ሲወድቅና «እኔን! እኔን ልጄን!» የሚለውን የእናቴን ድምፅ ነው። እንዴት እንደገባች አላየሁም። ክንዴን ይዛ መታጠቢያው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አድርጋው ነበር፤ በሌላው እጇ ወገቤን ደግፋኛለች። ሁለታችንም ስንተነፍስ ይሰማኛል።

ክንዴ ሲበርድልኝ ቧንቧውን ዘጋች። ከዚያ እጆቿን አየቻቸው። ሁለቱንም ገልብጣ ገለባብጣ አየቻቸው። እኔ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ታለቅሳለችም ብዬ ፈራሁ።

«እንግዲህ ነካሁሽ» አለች።

«እማዬ፣ ይቅርታ…»

«ተይ። አሁንማ ገብቻለሁ።» ወደ አልጋው ሄደችና ተቀመጠች። እርጥብ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ በፎጣዬ ጭኗን አደረቀችና እጆቿን ዘረጋች። «በይ አምጫት።»

ልጄን ሰጠኋት። እናቴ አንገቷ ሥር አፍንጫዋን ቀብራ አሸተተቻት፤ ለረጅም ጊዜ ቀና አላለችም። ቀና ስትል ፊቷ እርጥብ ነበር፤ ዝናቡ ነው አላልኩም። ከዚያ እኔን አጠገቧ አስተኝታ፣ በኩምኩሙ ውሃ ጨርቅ አርጥባ፣ ነርሷ ጡት ሲጠጥር እንዲህ ይታሻል ብላ በአየር ላይ በእጇ ያሳየችኝን ነገር በጣቶቿ ጡቴ ላይ ሠራችው። አመመኝ። ግን በዚያ ቀን ካገኘሁት ሁሉ እሱ ሕመም ይሻለኝ ነበር።

ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ የፈሰሰውን መረቅና አልጋው ላይ የተቀመጠችውን አማቱን አየ። «እማማ፣ ገቡ እንዴ?» አለ።

«ገባሁ። አንተ ግን ከዚያች መስመር እንዳታልፍ» አለችው። ሳቁን ውጦ ወለሉን ወለወለ።

ሁለታችንም ርቦን ነበር። መረቁ ወለል ላይ ቀርቷል። እናቴ ወደ ወጥ ቤቱ አትሄድም፤ የእሱ ነውና በእጇ አትነካውም። ወደ ቤቷም ሰባት ቀን አትገባም። ከአልጋዬ ሥር ካርቶኑን ጎትቼ ሁለት ኩባያ አወጣሁ። አንዱን ተቀብላ እያገላበጠች አየችው።

«ይኸ ነው እንግዲህ የእኔን መረቅ ያስናቀሽ።»

ክዳኑን ልጬ ውሃ ጨመርኩላት። በጥርጣሬ ፉት አለች። «ውሃ ነው» አለች። ደግማ ፉት አለች። «የጨው ውሃ ነው።» ከዚያ ማንኪያውን ይዛ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ባዶውን ኩባያ አሳየችኝና «ሌላ አለሽ?» ስትለኝ ሳቅ ያዘኝ፣ እሷም ሳቀች፤ ጡቴ እስኪያመኝ ሳቅን። ያ ሾርባ ነው በዕድሜዬ ከበላሁት የምመርጠው።

ሰባቱን ቀን እኔው ክፍል ውስጥ ተኛች። ከእንጀራና ከተቀቀለ እንቁላል በቀር የምንበላው እሱኑ ሾርባ ነበር። አባቴ ስልክ ደውሎ ምን ልብላ ሲላት፣ «ከሱቅ ግዛ። ክዳኑን ልጠህ የፈላ ውሃ ጨምርበት። አማስለው ደግሞ፣ አለዚያ ጨዉ ከታች ይቀራል» ብላ እንደ አዋቂ አስተማረችው። መረቋንም አስተማረችኝ፤ ያለ ድስት፣ ያለ ዶሮ፣ በባዶ ኩባያ። «ገብሱ እስከዚህ መስመር፤ አብሹ እዚህች ድረስ» እያለች በጥፍሯ ኩባያው ላይ ጫረችልኝ። ያ የተጫረ ኩባያ ዛሬም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ የምለካው በሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወተቴ እንደ ምንጭ ፈሰሰ ብል ውሸት ነው። እሑድ ልጄን ሳስመዝናት ትንሽ ጨምራ ነበር፤ ነርሷ ግን የቆርቆሮውንም እንጨምርላት አለች። ልጄ ግማሽ በጡት፣ ግማሽ በሱቅ ወተት አደገች። ምንም አልጎደለባትም።

በሰባተኛው ቀን እናቴ ቀሚሷን አጥባ ማሞቂያው አጠገብ አሰጣችው። መጀመሪያ ልጄን ሳመቻት፣ ከዚያ እኔን ግንባሬን ሳመችኝ። ገላዋን ታጥባ ስትወጣ ግን አልነካችንም። መስመሩን ተሻግራ ከወዲያ ቆመችና «ደኅና ዋሉ» አለችን። ቆማ ያየችኝ ቦታ ያው የድሮው ቦታ ነበር። ስትሄድ አላለቀስኩም። ሥርዓቷ ነው፣ አንድ ጊዜ ለእኔ ሲባል ፈርሷል፣ ይበቃኛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ነገ ከፍ አድርጋ ብትቀዳልኝም እጠጣለሁ፣ በእግሬ ላይ ቢፈስም አልናገርም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ደረጃው ላይ ኮቴዋን ሰማሁ። ሳህኔን አንሥቼ ወደ በሩ ሄድኩና ዝቅ አድርጌ ያዝኩ።

መጣች። ድስት አልያዘችም። በአንድ እጇ የተጠቀለለ ልብስ፣ በሌላው የማኮሌቷን ፌስታል ይዛለች። መስመሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። እኔን አየች፣ ሳህኑን አየች።

«ያን ሳህን አስቀምጪው» አለች።

«እማዬ፣ አባዬስ ምን ይበላል?»

«አባትሽ ክዳን መላጥ ለምዷል። ስንት ቀን ቀረሽ?»

«አርባ ሁለት።»

አንገቷን ነቀነቀች። ፌስታሉን ከፍታ ሁለት የሾርባ ኩባያ አወጣችና፣ «ውሃው ፈልቷል?» ብላኝ በሩን አልፋ ገባች።